ለባሏ ያላለቀሰችው አልጣሽ

በከተማችን በመካነ ኢየሱስ መናኸሪያ የወረደ ሰው ሁሉ አልጣሽን ያውቃታል። ከአውቶቡሱ በር ፊት ለፊት ቆሎ የምትሸጠው፣ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ የምትከናነበው እሷ ናት። ቆሎ ትሸጣለች እንጂ አንዲት ፍሬ ወደ አፏ አትልም። የውሃ ጠርሙስ ከጎኗ አይጠፋም፤ ሁለት ቃል ተናግራ አንድ ጉንጭ ካልጠጣች ምላሷ ከላንቃዋ ይጣበቃል። እኔ ዘርትሁን ግድግዳ ለግድግዳ ጎረቤቷ ነኝ፤ ሠላሳ ዓመት አብረን ኖረናል። የምነግራችሁም ሰው ያወራውን ሳይሆን ዓይኔ ያየውን ነው፤ ጥፋቴንም ጭምር።

ነገሩ የመጣው ባሏ ጣሰው የሞተ ዕለት ነው። ጣሰው ሁለት ሳምንት ታሞ ሐምሌ ላይ አረፈ። ሀገር ለልቅሶ ተሰብስቧል፣ ዝናቡ ይወርዳል፣ አልቃሿ ሙሾ ታወርዳለች፣ እኛ ደረታችንን እንደቃለን። አልጣሽ ግን መሃል ላይ ቆማ አንዲት ዘለላ እንባ የላትም! ጭራሽ ሙሾው በጋለበት ሰዓት "ውሃ ስጡኝ" አለች። ኧረ በስመ አብ! የባሏ አስከሬን ፊቷ ተጋድሞ ውሃ የሚጠማት ሴት አይታችሁ ታውቃላችሁ? አንድ ልጇ ሰርካለም ከባሕር ዳር ፀጉሯን እየነጨች ደርሳ ነበር። የእናቷን ፊት አየችና "አባቴን አልቅሺለት እንጂ! ምን አድርጎሽ ነው?" ብላ በሰው ፊት ጮኸችባት። አልጣሽ ከንፈሯን ላሰች።

እኛ ዘንድ ለሟቹ ያላለቀሰ ሰው ነገር አለበት ይባላል። ከዚያ ወዲህ ደግሞ መቁረቧን ተወች። ለካ ለቁርባን ውሃ ሳትጠጣ ማደር አቅቷት ኖሯል፤ ግን ማን ጠየቃት? እንባ የለ፣ ቁርባን የለ፤ ሁለቱን ደመርንና "በሞቱ እጇ ሳይኖርበት አይቀርም" ተባለ። መጀመሪያ ያለው ማን እንደሆነ እንጃ። ለጠላ ሻጯ ለሰብለ የነገርኳት ግን እኔ ነኝ፤ ለሰብለ ነገሩ ማለት ደግሞ ለገበያው ነገሩ ማለት ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ፤ መመለሻ የለውም።

ሰርካለም የአባቷን አርባ አውጥታ ሄደች፤ በዚያው ቀረች። ሁለት ዓመት ሙሉ የእናቷን ስልክ አላነሳችም። አልጣሽ በየእሑዱ ትደውላለች። ድምፁን ከፍ አድርጋ ስለምትይዘው በግድግዳው በኩል ለእኔም ይሰማኛል፤ ይጠራል፣ ይጠራል፣ ይቋረጣል። ገናም ብቻዋን፣ ፋሲካም ብቻዋን። ዶሮ አትሠራ፤ ለማን ትሥራ? እኔም ያን ሁሉ በዓል አንድ ሳህን ልኬላት አላውቅም። አሁን ስናገረው ያሳፍረኛል።

ዘንድሮ ጉንጮቿ ከጆሮዋ ሥር ተነፉና ጆሮ ደግፍ የያዘው ሕፃን መሰለች። ጥርሷም እየተቦረቦረ አንድ በአንድ አልቋል። ጤና ጣቢያ ብትሄድ፣ ደብረ ታቦር ሄደሽ አልትራሳውንድ ተነሺ ብለው ወረቀት ጻፉላት። አልትራሳውንድ! "የስልሳ ዓመት ሴት ምን ልትወልድ ነው?" ብዬ ሳቅሁባት። አብሯት የሚሄድ ሰው ስታጣ ግን "እኔ እሄዳለሁ" አልኩ። ለጽድቅ እንዳይመስላችሁ፤ ምን እንደሚሏት ልሰማና ይዤ ልመለስ ነው።

ደብረ ታቦር አንድ ክሊኒክ ውስጥ ከነፍሰ ጡሮች ጋር ተሰልፈን ዋልን። አንዷ ሆዷን ይዛ ትስቃለች፣ ሌላዋን ባሏ ደግፏታል፤ አልጣሽ ጠርሙሷን ታቅፋ አንገቷን ደፍታለች። ተራችን ሲደርስ ዶክተር ሚሊዮን የሚባል ወጣት ሐኪም አስተኛትና ከጆሮዋ ሥርና ከአገጯ በታች ቀዝቃዛ ቅባት ቀባት። አንዲት ሳሙና የምታህል ዕቃ በቅባቱ ላይ ወዲያ ወዲህ ሲያንሸራትት ስክሪኑ ላይ ግራጫ ነገር ወጣ።

"ሆዷን ትተህ ጉንጯን?" አልኩት።

ሳቀ። "እማማ፣ ምራቅ የሚያመነጩት ዕጢዎች ያሉት እዚህ ነው። ጤነኛ ዕጢ በዚህ ሲታይ መልኩ ወጥ ነው። የእሳቸውን ይዩት፤ ጥቋቁር ነጠብጣብ ሞልቶታል። ለረጅም ጊዜ ሲቆጣ የኖረ ዕጢ ነው።"

ከዚያ ወደ እሷ ዞረ። "እናቴ፣ ዓይንዎን አሸዋ እንደገባበት ይቆረቁርዎታል?"

"አዎ።"

"ሲያለቅሱስ እንባ ይመጣል?"

አልጣሽ ጣሪያውን እያየች "ባሌ ሲሞት አልመጣም፣ ልጄ። አንጀቴ አርሮ ነበር፤ ግን አልመጣም" አለችው።

ዶክተሩ ወንበሩን ሳበና አጠገቧ ተቀመጠ። "ሰውነታችንን ከበሽታ የሚጠብቅ ኃይል አለ። አንዳንዴ ይሳሳትና የገዛ ሰውነታችንን ይወጋል። የእርስዎን የምራቅና የእንባ ዕጢዎች የወጋቸው እሱ ይመስለኛል። በደም ምርመራ ደግሞ እናረጋግጣለን። እንባው የቀረው ስላላዘኑ አይደለም።" ለዓይኗ ጠብታ አዘዘላት፤ ጨርሶ ባይድንም የሚያስታግሰው መድኃኒት እንዳለ ነገራት።

እኔ እዚያው ቁጭ ባልኩበት ተንሰቀሰቅሁ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ እኔ? አልጣሽ ግን ቅባቱን ከአንገቷ ጠርጋ "ተነሺ፣ መኪና ያመልጠናል" ነው ያለችኝ።

በማግስቱ ሳላስፈቅዳት ለሰርካለም ደወልኩ። የእኔን አነሳች። ሁሉንም ነገርኳት፤ ከዚያ በኋላ በስልኩ የሰማሁት ለቅሶዋን ብቻ ነው። ቅዳሜ ዕለት መጣች፤ እኔም አልጣሽ ቤት ነበርኩ። እንደ ሀገራችን ወግ ከደጅ ትልቅ ድንጋይ አንስታ፣ ማጅራቷ ላይ ተሸክማ፣ ጎንበስ ብላ ገባች።

"እማዬ፣ ይቅር በይኝ። ዶክተሩ ያለውን ሰማሁ።"

አልጣሽ ድንጋዩን አውርዳ መሬት አኖረችው። "ይቅር ለእግዚአብሔር" አለች፤ ሳመቻት፤ ምሳ አቀረበችላት። ይኸው ታረቁ ብዬ እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ልጅቱ በልታ እጇን እስክትታጠብ ጠብቃ ነው የጠየቀቻት።

"ሰርኬ፣ ያ ማሽን ባይኖርስ ትመጪ ነበር?"

ሰርካለም አንገቷን ደፋች።

"የቀብሩ ማግስት ነግሬሽ ነበር። አንጀቴ እያረረ እንባው እንቢ አለኝ ብዬሽ ነበር። ምን አልሽኝ?"

"ውሸትሽን ነው አልኩሽ" አለች ልጅቱ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

"አየሽ? ዶክተሩን ነው ያመንሽው። እኔንማ ዛሬም አላመንሽኝም።" ቁጣ የለባትም፤ ደክሟታል። ከዚያ ዞራ እኔን አየችኝ። "አንቺም።"

እኔ ተነሥቼ ልጅቱ የበላችበትን ሳህን ማንሳት ያዝኩ።

ሰርካለም እሑድ ባሕር ዳር ተመለሰች። እኔ ግን ጎረቤቷ ነኝ፤ የት እሄዳለሁ?