የቅቤ ነጋዴዋ ንግግር

በ1994 ዓ.ም. አባይነሽ በገሱባ ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበረች። ከሶዶ እየተከራየች የምታመጣቸውን የወንጀል ልብ ወለዶች ታነባለች፤ በተበላሸ ወረቀት ጀርባ ደግሞ በሣጥን በሣጥን የተከፈለ የሥዕል ታሪክ ትሠራለች። ጀግናዋ ሌባ እያሳደደች የምትይዝ ቅቤ ነጋዴ ናት። ያላለቀ ሥዕል ካለባት የሚተየበው ደብዳቤ ይዘገያል፤ አብሬያት የሠራሁት እኔ ይህን አልክድም።

ለማርች ስምንት በዓል ኃላፊያችን አቶ ጌታሁን አንድ ታሪክ እንድትሥል ጠየቋት። ሁለት ሳምንት ለፋችበት። በበዓሉ ቀን ግድግዳው ላይ ስናየው ግን የቅቤ ነጋዴዋ ንግግር በነጭ ማጥፊያ ተሸፍኖ፣ በላዩ «አመራሩ መፍትሔ ይሰጠናል» የሚል ተጽፎበታል።

«ሌባውን የያዘችው እኮ እሷ ናት! ማን ፈቀደልዎ?» አለቻቸው አባይነሽ አቶ ጌታሁንን።

«በዓሉ የሴቶች ነው፤ አታበላሺው» አሏት።

«የሴቶች ከሆነ ታዲያ አፏን ለምን ዘጉባት?»

ሥዕሉን ከግድግዳው ገንጥላ ይዛ ወጣች። በማግስቱ ማስጠንቀቂያ ተጻፈባት። ይቅርታ ጠይቂ ብንላት እምቢ አለች። ነጩን በምላጭ ፍቃ የራሷን ቃል መልሳ ጻፈችና ገበያ ዳር ባለ ሻይ ቤት ለጠፈችው። ይቅርታ መጠየቅ የነበረባቸው እሳቸው ነበሩ፤ እስከ ዛሬ አልጠየቁም።