በእናቴ ቆርቆሮ ላይ

ባለፈው ሳምንት የሳሎናችን የግድግዳ ሰዓት ቆመ። ድንጋዩን አወጣሁና ምንም ሳላስብ መስኮቱ ሥር፣ ፀሐይ የሚያገኘው ቦታ ላይ አስቀመጥኩት። ልጄ አየችኝና ሳቀች። «እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው? ሱቅ ሞልቶ የለም እንዴ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። የእኔ እኩዮች ግን ታውቁታላችሁ። የደከመ የባትሪ ድንጋይ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ፣ አልሆን ሲልም በጥርስ ተነክሶ፣ እንደገና ነፍስ ሲዘራ እያየ ያደገ ሰው እንዲህ በቀላሉ አይጥለውም። እኔም ያችን የሞቀች ድንጋይ መዳፌ ላይ ይዤ ከደብረ ታቦር ነገሌ ቦረና ደርሼ ተመለስኩ።

እዚያ ነው የተወለድኩት። አባቴ ከዚህ ከሰሜን በመምህርነት ተመድቦ ወርዶ፣ ዛሬ እመለሳለሁ ነገ እመለሳለሁ ሲል እዚያው ትዳር ይዞ፣ እዚያው ልጆች ወልዶ የቀረ ሰው ነበር። የነገሌ ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ። ፀሐይ የመታው ቀይ አፈር፣ የጭነት መኪና ናፍጣ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በእንጨት ጭስ የታጠነው የአዴ ሎኮ የወተት ዕቃ። አዴ ሎኮ የቦረና ሴት፣ ግድግዳ ተጋሪ ጎረቤታችን ነበሩ። ጾም ካልሆነ በቀር ወተት የምንገዛው ከእሳቸው ነው። በዚያ ዓመት ግን ወተቱ እያነሰ፣ እያነሰ ሄዶ ከነጭራሹ ቀረ። ዝናብ ጠፍቶ ነበርና።

አዴ ሎኮ ዘንድ ሆኖ የሚማር የወንድማቸው ልጅ ነበር፤ ገልገሎ ይባላል። ቤተሰቦቹ ሊበን ገጠር ከብት አርቢዎች ናቸው። ከታላቅ ወንድሜ ከብርሃኑ ጋር አንድ ክፍል፣ አንድ ዴስክ ላይ ነው የሚማሩት፤ እኛ ቤትም እንደ ልጅ ይወጣል ይገባል። መጋቢት ሲገባ ከአባቱ መልእክት መጣ። እስከ ቅዳሜ ካልዘነበ መጥቼ እሑድ ይዤው እሄዳለሁ፣ ከብቱን ሣር ወዳለበት ሩቅ አገር የሚነዳ ሰው ያስፈልገኛል የሚል ነበር። በእኛ አገር በትምህርት ዘመን መካከል ከብት ተከትሎ የሄደ ልጅ ወደ ክፍሉ ሲመለስ አይተን አናውቅም። ገልገሎም ያውቀዋል። ስለዚህ ነገር ግን አያወራም፤ መኪናውን ብቻ ይሠራል።

ያን ጊዜ የሰፈራችን ወንዶች ልጆች ሁሉ መኪና ሠሪ ነበሩ። አካሉ ከዘይት ጣሳ ይቆረጣል፣ ጎማው ካለቀ ሲሊፐር ይወጣል፣ ሞተሩ ደግሞ፣ ዲናሞ ነበር የምንለው፣ ከሞተ ቴፕ ሆድ ውስጥ ይፈለቀቃል። ዲናሞውን ከኋላው ጎማ ጋር በላስቲክ አገናኝተው ሁለት ድንጋይ ሲያስሩበት፣ ያ እዚህ ግባ የማይባል ጣሳ እየነዘረ ይነሣል። ችግሩ ቀጥ ብሎ አለመሄዱ ነው። አፈር ላይ ሲለቁት እንደ ሰካራም ዞሮ ዞሮ የባለቤቱን እግር ይመታል። ስለዚህ የማን መኪና ፈጣን እንደሆነ በጭቅጭቅ እንጂ በውድድር ተለይቶ አያውቅም ነበር።

መላ የተገኘው ከእናቴ ቆርቆሮ ነው። እናቴ ከቤታችን ጀርባ አንድ ክፍል ልታሠራ አዲስ ቆርቆሮ ገዝታ፣ እንጨቱ ከወደራ በጭነት መኪና ይመጣል ሲባል እየዘገየ፣ ቆርቆሮው ግቢያችን ውስጥ ተከምሮ ከረመ። አንድ ቀን ገልገሎ መኪናውን አነሣና ቆርቆሮው ጉብታ ላይ እንደ ፈረሰኛ አፈናጠጣት። ሁለቱ ጎማዎች በዚህኛው ቦይ፣ ሁለቱ በዚያኛው ቦይ፣ ጉብታው ከሆዷ ሥር። ለቀቃት። እንደ ክር ቀጥ ብላ ሄደች! የዚያን ዕለቱን ጩኸት አዴ ሎኮ ሰምተው እባብ የገባ መስሏቸው ዱላ ይዘው መጡ።

ውድድር እናዘጋጅ ያልኩት እኔ ነኝ። ወንዶቹ «እማሆይ» ነበር የሚሉኝ። ዐቢይ ጾምን ከትልቅ ሰው እኩል ስለምጾም፣ በጨዋታ ላይ እንኳ መዋሸት ስለማልወድ ያሾፉብኛል። ዳኛ ሲቸግራቸው ግን ሩጫቸው ወደ እማሆይ ነው። ገልገሎ እሑድ የሚሄድ ከሆነ ቅዳሜ ከሰዓት ትልቅ ውድድር አድርገን በክብር እንሸኘው አልኳቸው። እናቴን ለመንኳት። ሥራዋን ሳታቋርጥ ሰማችኝና «በእጅ እንጂ በእግሩ የነካው ልጅ ካለ እሱኑ ነው የምከድንበት» አለች። ፈቀደች ማለት ነው።

ከዚያ ሕግ አወጣሁ። ማንም ከሁለት ድንጋይ በላይ አያስርም። ድንጋይ በፀሐይ እንጂ በእሳት አይሞቅም፤ ብርሃኑ አንዴ ከሰል ዳር አስቀምጦ ሊያቃጥለን ነበርና። ሁለቱ መኪኖች በካርቶን ታግደው ይቆሙና ካርቶኑን እኔ ሳነሣ ይሄዳሉ። ቆርቆሮዎቹን ጫፍ ለጫፍ ስንዘረጋ መጀመሪያ ተሳሳትን፤ መኪኖቹ መጋጠሚያው ላይ እየተደናቀፉ ተገለበጡ። ኋላ ነው ገልገሎ ወደ አሮጌው ጣሪያችን ቀና ብሎ ያየው። ውኃ እንዲወርድ የላይኛው በታችኛው ላይ እንደሚደረበው፣ የመነሻውን ቆርቆሮ ከቀጣዩ በላይ ስናደርገው መንገዱ ለሰለሰ። ብርሃኑ መኪናውን በሞያሌ መንገድ በሚያልፉት ትላልቅ መኪኖች ስም «ኤንትሬ» ብሏታል። ገልገሎ የእሱን አገር ቤት ባለችው ዝንጉርጉር ላሙ ስም «ቡሬ» አላትና በኖራ ነጠብጣብ አደረገላት።

ታዲያ ሐሙስ ዕለት ሰማዩ ጠቆረ። ሰው ሁሉ አንጋጠጠ። በቤተ ክርስቲያናችን ምሕላ ተይዟል፣ በመስጊዱም ይለመናል፣ የቦረና ሽማግሌዎችም ከዛፋቸው ሥር እየተሰበሰቡ ይመርቃሉ። የእኛዎቹ ደግሞ ወደ እኔ መጡ። ውኃ ዲናሞ ውስጥ ከገባ አለቀ፤ እርጥብ ቆርቆሮም ጎማ ያንሸራትታል።

«እማሆይ፣ አንቺን እግዜር ይሰማሻል» አለኝ ብርሃኑ። «እስከ ቅዳሜ ማታ ይያዝልን በይው።»

እኔ እንግዲህ ነገር የምጠነቀቅ ልጅ ነኝ። አገር በሙሉ ዝናብ እየለመነ እንዴት ብዬ ዝናብ አትስጠን እላለሁ? አወጣሁ አወረድኩና ሁሉንም የሚያስማማ ጸሎት አገኘሁ። ዓርብ ጠዋት ምሕላው ላይ ከእናቴ አጠገብ ቆሜ፣ ሕዝቡ «እግዚኦ» ሲል እኔም «እግዚኦ» አልኩና፣ ቀስ ብዬ «ዝናቡን ስጠን፤ ግን ከውድድሩ በኋላ ይሁን፤ ቢቻል ወደ ማታ ገደማ» አልኩ። እናቴን የሚያመልጣት ነገር የለም። ነጠላዬን ሳብ አድርጋ «አንቺ! ለእግዜር ቀጠሮ ትሰጫለሽ?» አለችኝ።

ስንመለስ ገልገሎ አጥራችን ሥር ቁጢጥ ብሎ ድንጋዮቹን ፀሐይ ላይ ያገላብጣል። ደስ ይለዋል ብዬ ጸሎቴን ነገርኩት። ቀና ብሎ አየኝ።

«ቢዘንብ እኮ አልሄድም» አለኝ። ወደ ድንጋዮቹ ተመለሰ።

እንዴት አላሰብነውም? ለሽኝቱ ስንለፋ፣ የማይሸኝበትን አንድ መንገድ እየዘጋን ነበር። የዚያን ዕለት ማታ ቀጠሮም ሰዓትም የሌለበት ጸሎት ጸለይኩ። «በፈለግኸው ጊዜ» አልኩ፤ «ውድድሩም ይቅር።»

ቅዳሜ ግን ሰማዩ እንደ ታጠበ ሳህን ነጥቶ አደረ። ደመናውን ማን እንደወሰደው እንጃ። ከሰዓት ግቢያችን በልጆች ሞላ፤ ከመናኸሪያ ሰፈር እንኳ ጣሳቸውን ታቅፈው የመጡ ነበሩ። የመጀመሪያዎቹን ዙሮች ስናካሂድ የገልገሎ አባት ኦቦ ጃርሶ በጭነት መኪና ደረሱ። ረጅም፣ ቀጭን፣ እስከ ጉልበታቸው አቧራ የለበሱ ሰው ናቸው። እናቴ ውኃና ወንበር አቀረበችላቸው። «አካም? ናጋ?» ተባብለው፣ ቤተሰቡን፣ ጎረቤቱን፣ ልጆቹን ሁሉ ተጠያየቁ። ስለ ከብቱ ስትጠይቃቸው ግን ኦቦ ጃርሶ መሬቱን በበትራቸው ጫር ጫር አደረጉ።

ከዚያ ዓይናቸው ቆርቆሮው ላይ አረፈ። በትራቸውን ወደ ልጃቸው መኪና ቀስረው «ይሄ ደግሞ ምንድነው?» አሉ።

«ቡሬ ናት» አለ ገልገሎ፣ አፍሮ።

«ቡሬ!» ጎንበስ ብለው አይዋት። «ታዲያ ይቺኛዋ ትታለባለች?»

«አይ ኦቦ» አለ ብርሃኑ ቀልጠፍ ብሎ፣ «ድንጋይ ነው የምትበላው።»

«ድንጋይ ትበላለች? እንግዲያው የእኔንም ላሞች አስተምሩልኝ» አሉ። «እኛ ጋ ከድንጋይ በቀር ምን ቀረ?»

ሁላችንም ሳቅን። እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ ሳቁ ቀስ እያለ አለቀ።

መጨረሻ ላይ ኤንትሬና ቡሬ ቀሩ፤ ወንድሜና ገልገሎ። ሁለቱም ተንበረከኩ፣ እኔ ካርቶኑን ያዝኩ። ይኼኔ ከሊበን በኩል ቀዝቀዝ ያለ ነፋስ መጣ፤ የራሰ አፈር ሽታ ያለው። ቆርቆሮው ላይ ጧ! የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ የመናኸሪያ ልጆች ጠጠር የወረወሩ መስሎኝ ተቆጣሁ። «ተዘጋጁ!» ብዬ ካርቶኑን አነሣሁ። መኪኖቹ ተወነጨፉ። ጎን ለጎን ነበሩ፤ ይህን በእርግጠኝነት እመሰክራለሁ። መጀመሪያውን መጋጠሚያ እኩል አለፉ። ከዚያ ጧ፣ ጧ፣ ጧጧ ... ቆርቆሮው እንደ ማሽላ ቆሎ ይንጣጣ ጀመር፤ ወዲያው ሰማዩ ተቀደደ።

ዲናሞዎቹ ታፍነው ቆሙ። ግን ቦዮቹ በቅጽበት ሞልተው መፍሰስ ጀምረው ነበርና ሁለቱን ጣሳዎች ጎርፉ አነሣቸው፤ ወደ መጨረሻው መስመር የነዳቸው እሱ ነው። ማን ቀድሞ እንዳለፈ ያየ አንድ ሰው አልነበረም። ሁላችንም የምናየው ኦቦ ጃርሶን ነበር። ጥምጥማቸውን አውልቀው፣ መዳፋቸውን ዘርግተው፣ ፊታቸውን ለዝናቡ ሰጥተው «ሮቤ! ሮቤ!» ይላሉ፤ ዘነበ፣ ዘነበ ማለታቸው ነው። ገልገሎ ወገባቸው ላይ ተጠምጥሟል። አዴ ሎኮና እናቴ እልልታውን አቀለጡት፤ ልጁ ሁሉ ቆርቆሮው ላይ ወጥቶ ይጨፍራል። እናቴስ? እሷም መሃል ላይ ቆማለች፣ በጫማዋ።

አንድ ዝናብ ድርቅ አይሰብርም፤ ይህን እኛ ልጆቹም እናውቃለን። ግን እሑድም ዘነበ፣ ሰኞም ዘነበ። መንገዱ ጭቃ ሆኖ መኪና ጠፋና ኦቦ ጃርሶ እኛ ሰፈር ሰነበቱ፤ ሲሄዱም ብቻቸውን ሄዱ። «እዚያ ሣር ካለ እኔ እበቃለሁ፤ ልጁ ይማር» አሉ። ሊወጡ ሲሉ ወደ እኔ ዞረው «ዳኛዋ፣ ማን አሸነፈ?» ብለው ጠየቁኝ። «አላየሁም ኦቦ» አልኳቸው። ወንድሜ በክርኑ ጎሸመኝ። እሳቸው ግን ራሴን ዳበስ አድርገው መረቁኝ። ቆይቶ እንጨቱም ከወደራ መጣ፤ ቆርቆሮው ከነስርጉዱ፣ ከነእግራችን ምልክት፣ ከእናቴ ቤት ጀርባ ጣሪያ ሆኖ ወጣ።

ዛሬ የእኔ ልጆች በስልክ መኪና ይነዳሉ። አይገለበጥ፣ አይጠምም፣ ድንጋይ አይፈልግ፤ ሲያምር ደግሞ! አልነቅፋቸውም፤ የእነሱም ጨዋታ አንድ ቀን ትዝታ ይሆናቸዋል። እዚህ ያሉ ሰዎች «ወደ አባትሽ አገር ገባሽ» ይሉኛል። እግዚአብሔር ይመስገን፣ የጎደለብኝ የለም። እዚህ ክረምቱ ሰኔ ሲገባ ሳይጠሩት ይመጣል፤ ዘነበ ብሎ የሚደውል ሰው ግን የለም።

እዚያ አለ። ገልገሎ ተምሮ የእንስሳት ሐኪም ሆነ፤ ሊበን ገጠር ይውላል፣ ነገሌ ያድራል። ብርሃኑ በሞያሌ መንገድ የእውነቱን መኪና ይነዳል። በተገናኙ ቁጥር ያ ውድድር የማን ነበር እያሉ ዛሬም ይጨቃጨቃሉ፤ ፍርድ ግን አልተሰጠም። የሰዓቱን ድንጋይ መስኮት ሥር ባኖርኩ በማግስቱ ስልኬ ጮኸ። ገልገሎ ነበር፤ እናቴን ሊጠይቅ ገብቶ ዝናብ ይዞታል። ሰላምታም አልሰጠኝ።

«ሮቤ!» አለኝና ስልኩን ወደ ጣሪያው ቀና አደረገው። የእናቴ ቆርቆሮ፣ ዝጎም ቢሆን፣ ያንኑ ድምፅ ያሰማል። ከኋላ እናቴ ስትስቅ ይሰማኛል። «ዳኛዋ፣ አሁንስ ማን እየመራ ነው?» አለ ገልገሎ እየጮኸ።

አዳመጥኩ። «ጎን ለጎን ናቸው» አልኩት።

ልጄ ከጎኔ መጥታ ጆሮዋን ወደ ስልኩ አስጠጋች። «እማዬ፣ ምንድነው እንዲህ የሚጮኸው?»

«ውድድር ነው» አልኳት።