ሽፈራው ውስጥ የገባ ሰሊጥ

ዙፋን ባሏ ከሞተ ወዲህ መተማ አጠገብ ባለችው ኮኪት ከተማ የሽፈራው ቅጠል አድርቃ፣ ፈጭታና ነፍታ እየሸጠች ልጆቿን አሳደገች። እጇ ንጹሕ ነው ይባልላታል፤ እሷም በዚህ ስሟ ትኮራለች።

በ2009 ዓ.ም. የሽፈራው ዱቄት በእንክብል እያሸገ ለጤና የሚሸጥ አንድ ነጋዴ ዙፋን ካለችበት የሴቶች ማኅበር ሊገዛ ፈለገ። አስቀድሞ ግን ሠላማዊት የምትባል ባለሙያ ከጎንደር ላከ። ልጅቱ ከየሴቱ ዱቄት እየቆነጠረች ካሜራ ሥር አስቀመጠች። ካሜራው የሰው ዓይን የማይለየውን ቀለም ያነሳል፤ ኮምፒውተሩም የንጹሕና የተቀየጠ ዱቄት ፎቶ በብዛት አይቶ መለየት ተምሯል።

የዙፋን ተራ ሲደርስ ሥዕሉ በቀይ ነጠብጣብ ተሞላ።

«እትዬ ዙፋን፣ ባዕድ ነገር አለበት ይላል።»

«ማን ነው የሚለው?»

«መሣሪያው።»

«መሣሪያሽ ቤቴን ያውቀዋል? እኔ ቀይጬ አላውቅም።»

«ሙቀቱ ነው፤ የመተማ ፀሐይ እንኳን ሰው ብረትም ያሳብዳል» አለች ዝናሽ፣ ከማኅበሩ ሴቶች አንዷ። የሳቀ ግን የለም። ዙፋን ቀያጭ ከተባለች ገበያ ወጥታ መቀመጥ አትችልም።

ሠላማዊት ደግማ ሞከረች፤ ያው ሆነ። «እስኪ የሚያደርቁበትን ያሳዩኝ» አለቻት።

ዙፋን ቅጠሉን ያሰጣችው ከጎረቤቷ ከአቶ አምባው በተዋሰችው ሸራ ላይ ነበር። አምባው ሰሊጥ አራሽ ነው፤ ሂላ የሚሉት የሰሊጥ ክምር ሲደርቅ በዚሁ ሸራ ላይ ይራገፋል። በረከቱ እንዳይሸሽ ተብሎም ሸራው አይታጠብም፤ ጥቂት ፍሬ በእጥፋቱ ይተውበታል።

ሠላማዊት ከቅጠሉ መሃል ፍሬ ለቅማ አሳየቻት። «ይኼማ ሰሊጥ ነው» አለች ዙፋን ቀለል ብሏት። «ሳየው ኖሬያለሁ። ሰሊጥ ምን ያደርጋል?»

«ሰሊጥ የማይስማማው ሰው አለ፣ እትዬ። ጉሮሮው አብጦ ሊሞት ይችላል። እንክብሉን የሚውጠው ደግሞ ሽፈራው ብቻ መስሎት ነው።»

ሰሊጥ የገደለው ሰው ሰምታ አታውቅም። የልጅቱ ፊት ግን ቀልድ የለበትም። በማታውቀው አገር አንድ ሰው በእሷ ዱቄት ሲታነቅ ታያት።

ወደ ሴቶቹ ተመለሰችና «መሣሪያው ልክ ነው። ሰሊጥ አስገብቼበታለሁ፣ እንደሚጎዳ ሳላውቅ» አለች። የፈጨችውን ሁሉ ጓሮ ደፋችው። ሸራውንም ለአምባው መለሰች።

«ምነው፣ ተቀደደ?»

«አይ ጋሼ። በረከትዎ በዛብኝ።»

«በረከት በዛብኝ ብሎ የሚመልስ ሰው ዛሬ አየሁ» አላት።

አዲሱን ቅጠል በታጠበ የአልጋ ልብሷ ላይ አደረቀችው። ሠላማዊት ዳግመኛ ስትመጣ ዙፋን ከሁሉም ቀድማ ቆመች። ሥዕሉ ላይ አንድም ቀይ አልታየም።

«ንጹሕ ነው፣ እትዬ።»

«ከዱቄቱ ሥር ቆንጥሪና ድገሚው» አለች ዙፋን።