የአክስቴ ብርቄ እግር

አክስቴ ብርቄ ወገቤ ላይ ስትቆም ዐሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ይህን ያስታወሰኝ ሰሞኑን ከፈረስ መጋላ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ነው። ጉድጓድ በዘለለ ቁጥር ወገቤን በሁለት እጄ ስደግፍ ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝ።

«እማማ፣ ወገብዎን ነው? መንታ የወለደች ሴት ያስረግጡታ! ወላሂ፣ አያቴ በዚያ ነው የዳነችው።»

«ተረግጫለሁ ልጄ፤ አንተ ብቻ ቀስ ብለህ ንዳ» አልኩት።

ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ከወረድኩ በኋላ ግን ሳቁ አፌ ውስጥ መረረኝ።

ያን ጊዜ ቤታችን ከከተማው ግንብ በሮች አንዱ በሆነው በፈላና በር አጠገብ ነበር። ቧንቧው ከደረቀ ስለሰነበተ ጄሪካን በገመድ ጀርባችን ላይ አስረን ከሩቅ ውኃ እናመጣለን። ያንን ዳገት ባዶ እጁን የወጣ ሰው እንኳ መሀል ላይ ቆሞ ይተነፍሳል። በጋው ሲጠና ወገቤ ይነድ ጀመር፤ ሕመሙ ወደ ግራ ጭኔ ይወርዳል። እናቴ መጀመሪያ ስንፍና መስሏት ነበር። አንድ ቀን ከነጄሪካኑ መንገድ ዳር ተቀምጬ መነሣት ሲያቅተኝ ነው ሐኪም ቤት የወሰደችኝ።

ሐኪሙ ከመሀል አገር ተመድቦ የመጣ፣ ንግግሩ ዝግ ያለ ሰው ነበር። ራጁን ካየ በኋላ የክብሪት ቀፎዎች ጠረጴዛው ላይ ደራርቦ አንዷን በጣቱ ወደ ፊት ገፋ አደረጋት።

«ይኸውልሽ፤ የወገብሽ አጥንት እንዲህ ከታችኛው ላይ ተንሸራቷል። ወጌሻም ሆነ ማሸት አይመልሰውም፤ ማንም እንዳይነካው። እኛ የምንችለው የበለጠ እንዳይንሸራተት መያዝ ነው። የሚይዘው ደግሞ የሆድሽና የጀርባሽ ጡንቻ ነው።»

ከባድ እንዳልሸከም፣ ወደ ኋላ እንዳልለጠጥ፣ በጀርባዬ ተኝቼ ጉልበቴን አጥፌ ሆዴን ማጥበቅ እንድለማመድ ነገረኝ። እግሬ ከደነዘዘ ሳልውል ሳላድር እንድመለስ አስጠነቀቀኝ።

«ማትሪክ መፈተን እችላለሁ?» አልኩት። ያስጨነቀኝ እሱ ብቻ ነበር። አስተማሪ መሆን ነበር ሕልሜ፤ ፈተናው ደግሞ ደርሷል።

«ከሸክም ከራቅሽ፣ በየመሀሉ እየተነሣሽ ዞር ዞር ካልሽ ምን ይከለክልሻል?»

የዚያን ዕለት ዳገቱ አልታወቀኝም።

ቤት ስንደርስ የእናቴ ታላቅ እኅት፣ አክስቴ ብርቄ፣ ሙሸበክ የሚባለውን ጣፋጭ በወረቀት ጠቅልላ ትጠብቀን ነበር። ማሩ ወረቀቱን አርሶታል። አክስቴ መንታ ሴቶች ልጆች ስለወለደች በሰፈሩ ወገቡን የታመመ ሁሉ እሷን ነው የሚያስጠራው። መንታ የተሸከመች ሴት ብርታቷ በእግሯ በኩል ይተላለፋል ይባል ነበር።

«ተንሸራቷል ካለ መግባት አለበታ!» አለች ነገሩን ስትሰማ። «አይነካ የሚለው ስለማይችልበት ነው።»

«ኧረ እትዬ፣ ራጁን በዓይኔ አይቻለሁ» አለች እናቴ።

«እና ራጁ መንታ ወልዷል?»

እናቴ ሳቀች። በዚያ ሳቅ ነገሬ አለቀ፤ እናቴ ከሳቀች በኋላ ታላቋን እምቢ ማለት አትችልም። በሆዴ ምንጣፉ ላይ አስተኙኝ፤ ጣቶቼ በሙሸበኩ ማር እንደተጣበቁ ነበሩ። አክስቴ ጫማዋን አወለቀች፣ ግድግዳውን ይዛ ወጣችብኝ። ሰፊ፣ ሞቃት እግር ነበራት። ወገቤ ውስጥ አንድ ነገር ሲንሸራተት ተሰማኝና ጮኽኩ።

«ገባ!» አለች፣ እልል ለማለት ምንም አልቀራትም።

አልገባም። ግራ እግሬ ደንዝዞ ሌላ ሰው የተወው ዕቃ መሰለኝ። ሐኪም ቤት ስንመለስ ሐኪሙ አዲሱን ራጅ ከፊተኛው ጋር አስተያየና ወደ እናቴ ዞረ።

«ማን ነካት?»

«ወድቃ ነው ዶክተር» አለች እናቴ፣ እኔን ሳታየኝ።

ጓደኞቼ ማትሪክ ሲፈተኑ እኔ በጀርባዬ ተንጋልዬ ኮርኒስ አያለሁ። እግሬ እስኪመለስ ብዙ ወራት ሄዱ። ሲመለስም «መቀመጥ ለማትችል ልጅ ምን ትምህርት አለ» ተባለና ቀረ። የማውቃትን ትንሽ ነገር ሁሉ ያወቅኋት ተንጋልዬ፣ መጽሐፍ ከፊቴ በላይ ይዤ ነው።

ዛሬ ወገቤን ከነአመሉ አውቀዋለሁ። ሐኪሙ ያሳየኝን እንቅስቃሴ ሳልሠራ ከአልጋ አልወርድም፤ የገበያ ዕቃዬን ለሁለት እጄ አካፍላለሁ፤ ጄሪካን አልነካም። ያልለመድኩት ንዴቱን ነው። በክፋት ቢሆን ተጣልቼ ይወጣልኝ ነበር። ሙሸበክ ይዛ ከመጣች፣ ከምትወደኝ ሴት ጋር ግን ምን ብዬ ልጣላ?

አክስቴ ያንን ቀን አንድም ጊዜ አንሥታው አታውቅም። እኔ ቤት ከያዝኩ በኋላ ከመንታዎቹ አንዷ ወገቧን ታመመች። ጎረቤቶቹ «እናትሽ እያለችልሽ!» አሏት። አክስቴ በማለዳ ቤቴ መጣች፤ ግቢ ብላት አልገባችም። በር ላይ እንደቆመች፣ ያ የክብሪቱ ሐኪም አሁንም እዚያው ይሠራ እንደሆነ ጠየቀችኝ። እዚያው እንዳለ ነገርኳት። ልጇን ታክሲ አሳፍራ እሱ ዘንድ ወሰደቻት።