በሁለት ቀፎ መሃል

ሀርጌሳ ከፍርስራሿ ቀና ስትል የስልክ ድርጅቶቹ እንደተኳረፈ ጎረቤት ነበሩ። ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው መደወል አይቻልም። እኔ ደግሞ ሼክ ኑር የሚባለው ሰፈር ጠረጴዛ ዘርግቼ፣ የሁሉንም ስልክ ደርድሬ መሃል ገባሁ። ሁለቱን ቀፎ አፍ ለጆሮ ባጋጥማቸው ተንጫጩብኝ፤ ስለዚህ ከወዲህ የሰማሁትን ወዲያ በአፌ አቀብላለሁ። ወላሂ፣ ራሴን ሚኒስትር አድርጌው ነበር!

ቋሚ ደንበኞቼ እንደኔው ከኢትዮጵያ የመጡ ያገሬ ልጆች፣ ባልና ሚስት ነበሩ። እሱ የበርበራ መንገድ የጭነት መኪና ሹፌር፣ እሷ ጎረቤቴ፣ ልብስ ሰፊ። ለእሱ መንገድ ላይ የሚይዝለት መስመር ሰፈራችን ውስጥ አይይዝም። ሰውየው ክፉ አይደለም፣ ግን ደረቅ ነው። «ውሃ አስሞልታለች?» ይለኛል። እኔ «በልተሻል ወይ? ናፍቀሽኛል ይልሻል» እላታለሁ። ማን ጠየቀኝ! እሷ «ምነው፣ ጅብ በላው እንዴ?» ስትል፣ «መንገድ መንገዱን እያየች ነው» እለዋለሁ። «በልቻለሁ በለው» ስትለኝ ግን ረስቼው እንዳለ አቀብላለሁ፤ ላልጠየቀው ጥያቄ መልስ! ትዳሩን ያቆምኩት እኔ መስሎኝ ደረቴን እነፋ ነበር።

ከዚያ ድርጅቶቹ ይገናኙ፣ ይወዳደሩ፣ የደንበኛም መብት ይጠበቅ የሚል ሕግ ሊወጣ ነው ተባለ። አስተያየት ስጡ ብለው በሰበሰቡን አዳራሽ ተነስቼ፣ በተሰባበረ ሶማልኛዬ «ደንበኛን የምጠብቅ እኔ እያለሁ ሕግ ምን ያደርጋል?» ብዬ ጮህኩ። ሰው በሳቅ ሞተ። የፈራሁት ግን ለእንጀራዬ ብቻ አልነበረም። እነዚያ ሁለቱ በገዛ አፋቸው የተነጋገሩ ዕለት ይፋታሉ ብዬ ነው።

መስመሩ ተገናኘ። የመጀመሪያውን ጥሪ ስታነሳ አጠገቧ ተገትሬያለሁ። ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«ውሃ አስሞላሽ?»

«አስሞላሁ።»

አበቃላቸው አልኩ በሆዴ።

«እ... በልተሻል ወይ?» አለ እየተንተባተበ።

ሳቋ አመለጣት። ቀፎውን በመዳፏ ሸፍና፣ «ይቺ ያንተ ናት። እኔ ባሌን አላውቀውም እንዴ?» አለችኝ። «እሱም ‹በልቻለሁ› በተባለ ቁጥር ማን ጠየቃት ሲል ነቅቶብሃል ማለት ነው!»

ይኸው፣ ለካ ሁለቱም እያወቁ ነው ያሞኙኝ። አፍሬ ልሄድ ዞር ስል፣ «ወንድሜ፣ አንተስ በልተሃል?» አለችኝ።

ያን ሁሉ ዘመን ለሰው ስጠይቅ፣ እኔን የጠየቀኝ አልነበረም።

«አዎ፣ አልሐምዱሊላህ» አልኳት። ውሸቴን ነው። ከጠዋት ጀምሮ ጠረጴዛዬ ጋ ዝር ያለ ደንበኛ አልነበረም።