ሁለት ጊዜ የተሰጠ ቁጥር

ማስተማር ከተወች ስምንት ዓመቷ ቢሆንም ሁሉም አሁንም ቲቸር ይሏታል። ሂሳብ አስተምራ ያልበቃት ይመስል ፕሮግራም መጻፍ ተማረችና ከሆስፒታሉ ላቦራቶሪ በላይ ያለች ጠባብ ክፍል ተሰጣት። ሥራ ወዳድ ናት። ጉድለቷ አንድ ነው፤ ስሕተት ሁልጊዜ ሌላ ሰው ቤት የሚያድር ይመስላታል።

ለደም ናሙና ቁጥር የሚሰጠው ፕሮግራም የእሷ ነው። በየወሩ ከአንድ ይጀምራል፤ ነርሷ ቁልፉን በተጫነች ቁጥር ተከታዩ ወጥቶ ቱቦው ላይ ይለጠፋል። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድም አልዘለለ፣ አንድም አልደገመ። ሰልፉ በዝቶ ሁለተኛ መስኮት ይከፈት ሲባል «እሱማ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው» ብላ ከዚያው ክላስ ሌላ ኦብጀክት ፈጠረችና ለአዲሱ መስኮት ሰጠች። ክላስ እንደ ልብስ ስፌት ንድፍ ነው፤ ከአንድ ንድፍ የተሰፉ ሁለት ኮቶች፣ ማለትም ኦብጀክቶቹ፣ ግን የየራሳቸው ኪስ አላቸው። የመጨረሻው ቁጥር የሚቀመጠው ኪሱ ውስጥ ነበር። ይህን የአንድ ወር ጀማሪ እንኳ ያውቀዋል።

በማግስቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ደወለች።

«ቲቸር፣ 423 ሁለት ሆነብኝ። አንዱ የሽማግሌ ነው፣ አንዱ የወላድ።»

«አይሆንም። እስቲ ደግመሽ እዪው።»

«ሁለቱንም በእጄ ይዣቸዋለሁ እኮ!»

የቁጥሮቹን ገጽ ከፈተችው። ሁለቱም መስኮቶች ጠዋት ሲከፈቱ የትናንቱን የመጨረሻ ቁጥር አንብበው ከ418 ጀምረዋል፤ እስካሁን የተሰጠው ሁሉ መንታ ነው። ኮምፒውተሩ ደግሞ ውጤት የሚያስቀምጠው በቁጥር ስለሆነ ኋላ የገባው የፊተኛውን ይሽረዋል። ወላዷ ቀዶ ጥገና ክፍል ተኝታ ደም እየፈሰሳት ነው። የደም ዓይነቷ የተላከው በ423 ነው።

ደረጃውን እንዴት እንደወረደች አታውቅም። የላቦራቶሪው ኃላፊ ነገሩን ከባለሙያዋ ሰምቶ ስልክ አጠገብ ቆሟል።

«አንዷን ብቻ አስተካክዪና ዝም በይ» አላት ቀስ ብሎ። «ሰው አታስደንግጪ። የአንቺም ስም አለ።»

እውነቱን ለመናገር፣ ለአፍታ አሰበችው።

«ጋሼ፣ አንዷ ብቻ አይደለችም። ጠዋት የገባው ሁሉ ተበላሽቷል፤ ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አለችና ስልኩን አነሳች። «ቀዶ ጥገና? ለወላዷ የመጣውን ደም እንዳትሰጧት!»

«ተሰቅሏል» አለች የቀዶ ጥገናዋ ነርስ።

«ተከፍቷል?»



«ልከፍተው ነበር።»

አዲስ ናሙና ተቀዳ። ውጤቱ እስኪደርስ ለሁሉም የሚሆነውን ኦ ኔጋቲቭ ደም ሰጧት፤ የነበረው ያው አንድ ከረጢት ነው። ቲቸር የማሽኑን መብራት እያየች ከንፈሯን እስኪደማ ነከሰችው። ከረጢቱ ሊያልቅ ሲል ውጤቱ ወጣ። ሴትየዋ ኦ ፖዘቲቭ ናት። የተሰቀለላት የሽማግሌው ዓይነት፣ ኤ ነበር።

የጠዋቱ ሰው ሁሉ ተመልሶ የደም ናሙና እንዲሰጥ ተደረገ፤ ግማሹ እያጉረመረመ፣ ግማሹ እየተሳደበ። ከሰዓት በኋላ ኮሪደሩ ላይ አንድ ወጣት ሮጦ ደረሰባት።

«ቲቸር ማለት እርስዎ ነዎት? ሚስቴን ያተረፏት እርስዎ ነዎት አሉኝ። እግዜር ይስጥልኝ!» በሁለት እጁ ጨበጣት፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

አሜን ብላ ማለፍ ትችል ነበር። ኃላፊውም በሩ ላይ ሆኖ በዓይኑ ሂጂ ይላታል።

«ቁጥሩ የተደገመው በኔ ጥፋት ነው» አለችው። «ልገድላት የነበርኩትም እኔ ነኝ።»

መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው እጇን ለቀቀና ወደ ሚስቱ ክፍል ሄደ።