የሸሚዙ ሦስተኛ ቁልፍ

ልብስ ሰፊዋን ሰው ሁሉ ታጋሽ ናት ይላታል። ውሸት ነው፤ ታጋሽ ሳትሆን ሥራ የበዛባት ሴት ናት። እናቷ ስትሞት የስምንት ዓመት እህቷን ተረክባ አሳደገች፣ መርፌ አስያዘች፣ ኋላም ከራሷ መኪና ጎን ሁለተኛ የስፌት መኪና ተከለችላት። ለመናደድ ጊዜ ከየት ታምጣ?

ያን ሰኞ ግን ጊዜ አገኘች። ባሏ ለሦስት ቀን የመስክ ሥራ ነው ብሎ ሄዶ መመለሱ ነው። ሸሚዙን ልታጥብ ስታገላብጥ እጇ ሦስተኛው ቁልፍ ላይ ቆመ። ሸሚዙን የሰፋችው ራሷ ናት። ግራኝ ስለሆነች ከቁልፍ ሥር ክር የምትጠመጥመው ወደ ግራ ነው። ይሄኛው ወደ ቀኝ ዞሯል። የቀረው ሁሉ የእሷው ነው፤ ሦስት ዙር፣ ቋጠሮው ከውስጥ የተደበቀ። ይህን አሠራር ያስተማረችው አንድ ሰው ብቻ ነው። ያቺ ሰው ደግሞ እነዚያኑ ሦስት ቀናት «ጓደኛዬን ላስታምም» ብላ ከስፌት ሱቃቸው ቀርታ ነበር። ስትባልግ እንኳ ሥራ አሳምራ፤ እዩልኝ እንግዲህ።

ቁልፏን ማን እንደሰፋት ባሏን ጠየቀችው።

«አንቺው ነሻ፣ ደግሞ ማን ይሰፋታል?» አለ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። «ዘንድሮ መርሳት አብዝተሻል።»

ደሟ የፈላው ይሄኔ ነው። መማገጡንስ ይማግጥ፤ ሃያ ዓመት ቤት ያቆመ እጇን ሊያስክዳት?

ሱቅ ገብታ ቁልፉን በመቀስ ቆረጠችና ሸሚዙን እህቷ ፊት ጣለችው። «ይቺን መልሰሽ ስፊያት።»

እህትየው ሸሚዙን አወቀችው፤ እምቢ የምትልበት ምክንያት ግን አልነበራትም። ሰፋች። አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር፣ ወደ ቀኝ። ታላቋ ዓይኗን ከእህቷ እጅ አልነቀለችም። በሦስተኛው ዙር መርፌው ቆመ።

«እትዬ፣ እኔ እኮ…»

«ጨርሺው።»

«ይቅር በይኝ። እሱ ነው…»

«እሱን ተይው። ባል ባዳ ነው፤ ሲመጣም የሰው ልጅ፣ ሲሄድም የሰው ልጅ። ልብሱን በፌስታል አስሬ በር ላይ አስቀምጬለታለሁ።» ንዴቷ አሁንም አልበረደም። «አንቺን በየትኛው በር ላስወጣሽ?»